በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፦ የጎጃም ብራናና ካሴት ስለ ባለቤትነት የሚመሰክሩት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የጽሕፈትን ጥቅም ለማስረዳት ሲሆን፣ በአባባሉ ውስጥ ግን ከመጻፍ ሌላ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም መውረስ ነው። የሚወረስ ነገር ባለቤት ያለው ነገር ነው። ባለቤቱ በእጁ የያዘው፣ ሲሞት ለልጁ ወይም ለደብሩ የሚተወው፣ ወራሹም ማንንም ሳያስፈቅድ የሚገለገልበት መሆን አለበት። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዜማ ወይም አንድ የድልድይ ንድፍ የእገሌ ነው ለማለት ምን ምን መሟላት እንዳለበት መመርመር ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። መዝገቡ ከምን ዓይነት ዕቃ እንደ ተሠራና የሚነበብበት መሣሪያ በማን እጅ እንደሚገኝ የሚጠይቅ በመሆኑ የመሐንዲስም ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በቅርብ ዓመታት በኢንዱስትሪ በበለጸጉት አገሮች በጉልህ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የተባለው ኩባንያ ለንባብ መሣሪያው ተጠቃሚዎች ሸጧቸው የነበሩትን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ ያቀረበለት አካል መብቱ እንደሌለው በታወቀ ጊዜ፣ ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ ደመሰሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞቹ የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። በሁለቱም ጊዜ ለገዢዎቹ ገንዘባቸው ተመልሷል፤ መጽሐፉ ግን ከእጃቸው ወጥቷል። ገዛሁ ብለው ያሰቡት ነገር በእውነቱ የተከራዩት እንደ ነበረ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። በዚህና በሌሎችም ምክንያቶች በእጅ ወደሚጨበጠው የቀድሞ ዕቃ የሚመለሰው ሰው ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተሸጠው ሸክላ በቁጥር ከሲዲ በልጧል፤ ይህም ከ1987 ወዲህ ሳይታይ የቆየ ነገር ነበር።

ለጎጃም ደጋ ግን ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በደብረ ማርቆስ፣ ማለትም በቀድሞዋ መንቆረር፣ እንዲሁም በዙሪያዋ ባለው አገር ሕዝቡ መዝገቡን በብራና፣ በወረቀት፣ በፊልም፣ በካሴት ክርና በመጨረሻም በስልክ ሲይዝ ኖሯል። የእነዚህ ዕቃዎች ታሪክ በተራ ሲታይ ባለቤትነት በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። አንደኛው ዕቃውን በእጅ መያዝ ነው። ሁለተኛው የሌላ ሰው ፈቃድ ሳይጠይቁ ማንበብ መቻል ነው። ሦስተኛው ዕቃው ሲያረጅ ወይም ሲጠፋ በሌላ መተካት መቻል ነው። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ሦስተኛው የሁሉም መሠረት መሆኑን ነው።

የብራናው ባለቤት

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኙት ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም በትምህርታቸውና በመጻሕፍት ሀብታቸው የታወቁ ጥንታውያን አድባራት ናቸው። ዋሸራና ጎንጅ ደግሞ በቅኔ ትምህርት ስማቸው በመላ አገሪቱ የተጠራ ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው አብዛኛውን ትምህርት በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉም የቃሉ ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግላል። መጽሐፉ የሚዘጋጅበት ብራና በሥራ ዘዴው ሲመረመር መሐንዲስን የሚያስደንቅ ነው።

ለብራና በይበልጥ የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው፤ የበግ ቆዳ ስብ ስለሚበዛበትና በቀላሉ ስለሚላቀቅ ያን ያህል አይፈለግም። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ ከራሰ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል። ከዚያም የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ ገጹም በድንጋይ ይታሻል። በአውሮፓ ብራና ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው የኖራ ውኃ በኢትዮጵያ አሠራር ውስጥ የለም። ዋናው ምሥጢር ቆዳው ሳይለፋ፣ እንደ ተወጠረ መድረቁ ነው። እርጥብ ቆዳ በውጥረት ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ክሮች ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ፤ ስለዚህ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው ይሆናል። ጸሐፊው መስመሩን በወስፌ ነጥቦ ያሰምርና በመቃ ብዕር ይጽፋል። ጥቁሩ ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም፤ በአውሮፓ ብዙ መጻሕፍትን እንዳበላሸው ከብረት እንደሚዘጋጀው ቀለም የተጻፈበትን ገጽ አይበላም። ጥራዞቹ ተሰፍተው በእንጨት ገበታ መካከል ይያዛሉ፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆኖ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም በትከሻ ይያዛል።

በዚህ አሠራር ሦስቱም የባለቤትነት መሠረቶች ተሟልተው ይገኛሉ። መጽሐፉ በባለቤቱ እጅ ነው። ለማንበብ ከቀን ብርሃንና ከፊደል ዕውቀት በቀር ምንም አያሻም። ለመተካትም ፍየሉ ከመንጋው፣ መቃው ከወንዝ ዳር፣ ጥላሸቱ ከምጣድ ሥር ይገኛል፤ ብልሃቱም በአካባቢው ሰው እጅ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሳያረጅ ሌላው ከእርሱ ይቀዳል። በዚህም ምክንያት ብራናው ራሱ በጦርነት፣ በእሳትና በምስጥ ቢጠፋም ድርሰቱ ዘመናትን ተሻግሯል።

ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የግል ንብረት ሆኖ የኖረው ዳዊት ነው። የወንጌልና የድጓ ትላልቅ ጥራዞች የደብሩ ሲሆኑ፣ ዳዊት ግን ካህኑ፣ ደብተራው ወይም ጨዋው ሰው በግሉ አስጽፎ የሚይዘው መጽሐፍ ነበር። በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ መጽሐፉን የሰረቀውና ስሙን የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃልም ይጨመራል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ባለቤት ስም በስለት ተፍቆ የአዲሱ ይገባል። የተፋቀው ቦታ ሻክሮ ስለሚቀር ግን ማንም ሰው ለውጡን በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ዛሬም ተመራማሪዎች በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን አሮጌውን ስም ከአዲሱ ሥር ሲያነቡ ይታያሉ። በብራና ላይ የተደረገ ለውጥ ምልክቱን ትቶ ያልፋል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የብራናው ዘመን ለሁሉም የተመቸ ነበር ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ይጠይቃል። አብዛኛው ገበሬ ፊደል ስላልቆጠረና ዋጋውም ከአቅሙ በላይ ስለነበረ የመጽሐፍ ባለቤት ለመሆን አልታደለም። ባለቤትነቱ የተሟላ ቢሆንም የጥቂቶች ነበር።

ከብራና ወደ ወረቀት የተደረገው ሽግግርም ይህንኑ የመቅዳት ልማድ ተከትሎ የመጣ ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ያገለገሉት ሠዓሊውና የታሪክ ጸሐፊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ስለ ጎጃም ታሪክና ትውልድ የጻፉት ሥራ ለብዙ አሠርት ዓመታት ሳይታተም የቆየው በሰዎች እጅ በነበሩ የእጅ ጽሑፎች ነው። በግርማ ጌታሁን አርታኢነትና ተርጓሚነት እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለዓለም አንባቢ ሊቀርብ የቻለው የእጅ ጽሑፉን ይዘው ያቆዩ ሰዎች በመኖራቸው ነው።

ወንጌሉ እንደ መሬት መዝገብ

የጎጃም አድባራት መጽሐፍን ለጸሎት ብቻ አልተጠቀሙበትም። የወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ውል የሚመዘገብባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ውሉ ሲጻፍ የምስክሮቹ ስም አብሮ ይሰፍራል፤ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ስለሚጠበቅ ውሉ አብሮት ይጠበቃል። ታሪኩ ከ18ኛው ምእተ ዓመት የጎጃም ገዥ ከራስ ኃይሉ ጋር የተያያዘው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የመሬት ስጦታ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሲሆን፣ ዶናልድ ክረሚ፣ ዳንኤል አያናና ሹመት ሲሻኝ የተባሉት የታሪክ ምሁራን አጥንተውታል። የዚያ ዘመን የመሬት ሥሪት ምን ይመስል እንደ ነበር ዛሬ ለማወቅ የሚቻለው በአብዛኛው እነዚህ ኅዳጎች በመትረፋቸው ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ እነዚህ ውሎች ሕጋዊ ዋጋቸው አብቅቶ የታሪክ ሰነድ ብቻ ሆኑ። ይሁን እንጂ መዝገብን በእጅ የመያዝ ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሲሞከር፣ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው የጎዛምን ወረዳ ነበር። ገበሬው የተሰጠው የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ነው። የመሬቱ ባለቤት መንግሥትና ሕዝብ ሆነው ቢቀጥሉም ደብተሩ ግን የተያዘው በገበሬው ቤት ነው።

የአሠራሩ ጥበብ መዝገቡ በሁለት ስፍራ መገኘቱ ነው፤ አንዱ በጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛው በባለ ይዞታው እጅ። ኋላ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወርም የገበሬው ደብተር ዋጋ አልቀነሰም። አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ሌላው ይመሰክራል። ባል የሞተባት ሴት በክርክር ጊዜ ከሣጥኗ አውጥታ የምታቀርበው የራሷ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት መኖሩ ከቴክኒክ ጉዳይ ያለፈ ነገር ነው።

ፊልሙ ያተረፈውና ያልመለሰው

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጎጃም መጻሕፍት ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ወደ ሌላ ዓይነት ዕቃ ተገለበጡ። ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ጀርመናዊ ምሁር በ1968 በጣና ሐይቅ ደሴቶች ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ። ቀጥሎም የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ክፍል በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ባደረገው ጉዞ ያነሣቸው መጻሕፍት ዝርዝር በ1970 አዲስ አበባ ላይ ታትሟል። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በተለምዶ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. የሚባለው የኢትዮጵያ መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተቋቁሞ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አነሣ። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ረጅም ዕድሜያቸውን ለዝርዝሩ ዝግጅት አውለዋል።

ማይክሮፊልም ዛሬ አሮጌ ቴክኒክ ተብሎ ቢናቅም የተፈለሰፈበትን ተግባር በሚገባ ይፈጽማል። በፖሊስተር ላይ በብር የተሠራው ምስል ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ እስከ 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል። የሚነበበውም በመብራትና በመነጽር ስለሆነ የኮምፒዩተር ቋንቋ መለዋወጥ አይነካውም። ብራናው ቢቃጠል ቃሉ ይተርፋል።

በሌላ በኩል ግን ፊልሙ ሁሉንም ነገር አልያዘም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የቀዩና የጥቁሩ ቀለም ልዩነት ይደበዝዛል፤ የተፋቀው ስም ሻካራነትና የጥራዙ አሰፋፍ አይታይም። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው የመዳረሻው ጉዳይ ነው። መብራትም የማንበቢያ መሣሪያም በሌለበት የገጠር ደብር የገዛ መጽሐፉ ፊልም ለደብሩ ሰው አይነበብም። ሚኒሶታ ያለ ተመራማሪ የሚያየውን የመጽሐፉ ጠባቂ አያየውም። ስለዚህ ፊልሙ ለድርሰቱ ዋስትና ሆነ እንጂ ለባለቤቱ ሁለተኛ መጽሐፍ አልሆነም። ጠባቂው ዛሬም ባለቤት የሆነው ብራናው በእጁ ስለቀረ ነው።

ሸክላና ካሴት

መጽሐፍ ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት አገር ተራው ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዝገብ ባለቤት የሆነው በድምፅ በኩል ነው። ሸክላ ቀድሞ መጥቷል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር። ሸክላን ለማተም ከባድ መጭመቂያና የብረት ቅርጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሸክላ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን መሠረት አገኘ፤ ግራሞፎን ካለው ሁለተኛውንም አገኘ፤ ሦስተኛውን ግን አላገኘም። የተሰበረ ሸክላ ጎጃም ውስጥ አይተካም።

ካሴት ይህን ለወጠው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ፍጥነት የሚያስኬድ ቀላል መሣሪያ ነው። ከሸክላ የሚለየው ማሰማትም መቅዳትም የሚችል በመሆኑ ነው። ሁለት ቴፕ ያለው ማንም ሰው አሳታሚ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሸክላ ከኢትዮጵያ ገበያ ሲወጣ ካሴት በየከተማው በሚገኙ ሙዚቃ ቤቶች ተተካ። መብራት ባልደረሰበት የገጠር ቀበሌ ቴፑ በድንጋይ ይሠራ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት እንዲያገለግል ይደረጋል። የተጠመጠመ ክር በእስክሪብቶ ይጠቀለላል፤ የተበጠሰው ይቀጠላል። ባለካሴቱ ጠጋኝም ነበር።

በዚህ ዘዴ የተያዘው ሙዚቃ ብቻ አይደለም። የሠርግ ዘፈን፣ የሙሾ ግጥም፣ የመምህራን ቅኔና ስብከት፣ በስደት ያለ ዘመድ የላከው የድምፅ ደብዳቤ ሁሉ በካሴት ተይዟል። ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ ለማይችለው የጎጃም ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ በጆሮው አስገባለት። የሬዲዮ ድምፅ ግን ተነግሮ ያልፋል፤ መልሶ ማድመጥ የሚችለው በቴፕ የቀዳው ብቻ ነው።

የካሴትን ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በባሕር ዳር የሆነው ነገር ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተጫወተው ካሴት ከዓመታት በኋላ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ሙዚቀኛውም በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ከአሮጌ ካሴቶች መካከል አንዱን ቅጂ አግኝቶ ባለቤቱን ፈለገና በ2013 ሥራው በሸክላ፣ በሲዲና እንደ ገና በካሴት ታተመ። ሙዚቀኛው በእርጅናው ዘመን ወደ መድረክ የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ያበቃው አንድ ሰው ሳይጥለው ያቆየው ዕቃ ነው።

ሆኖም ካሴት የራሱ ድካም አለው። በክሩ ላይ ያለው የብረት ዱቄት መግነጢሳዊ ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ የያዘው ማጣበቂያም በእርጥበት ይላቀቃል። ከክሩ በፊት ግን የሚጠፋው ማሰሚያው ነው። የቴፑ ላስቲክ ይረግባል፤ የሚነበብበት ራስ ይበላል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ወጥቷል። በብዙ ቤት ዛሬ ካሴቱ በሣጥን ሞልቶ ሳለ የሚሰማበት ቴፕ የለም። መያዝ ብቻውን ባለቤትነት እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከእጅ የወጣ መዝገብ

ሞባይል ስልክ በተስፋፋ ጊዜ የደብረ ማርቆስ ሙዚቃ ቤቶች ሥራቸውን ወደ ሜሞሪ ካርድ አዛወሩ። ደንበኛው ካርዱን ይሰጣል፤ ባለሱቁ በጥቂት ብር ብዙ ዘፈን፣ ትረካና ዝማሬ ይጭንለታል። ይህ የካሴት ልማድ ቀጣይ ነው፤ ካርዱ በኪስ ነው፤ ለማድመጥም ኢንተርኔት አያሻም። በካርዱ ውስጥ መረጃው የሚቀመጠው በጥቃቅን ጎድጓዳ ስፍራዎች በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል አማካይነት ሲሆን፣ ካርዱ ለዓመታት ሳይሠራበት ሲቀመጥ ያ ሙል እያፈሰሰ ይሄዳል። ካሴት ሲያረጅ ድምፁ እየሻከረ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ካርድ ግን አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ አልከፍት ይላል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደረጃ ዕቃውንም ከእጅ አስወጥቷል። ፎቶግራፉ፣ ዜማውና ሰነዱ በሌላ አገር በሚገኝ የኩባንያ ኮምፒዩተር ይቀመጣል፤ በስልኩ ላይ የሚቀረው መጠሪያው ብቻ ነው። የዚህ አሠራር ጉድለት በጎጃም በተግባር ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በካርድ፣ በወረቀትና በራሱ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ሰው በያዘው ሲሠራ፣ ሁሉን ነገሩን በሩቅ ያስቀመጠው ግን የገዛ ሰነዱ እንግዳ ሆነበት።

ችግሩ የድኻ አገር ብቻ አለመሆኑም በዚያው ሰሞን ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተጠቅቶ በኢንተርኔት የሚሰጠው አገልግሎት ለወራት ተዘጋ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የኢትዮጵያ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ቀደም ሲል በዲጂታል ተነሥተው ለማንም አንባቢ ክፍት ሆነው ነበር። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ማርቆስ ተቀምጦ እነዚህን መጻሕፍት ያጠና የነበረ ሰው ገጾቹን በአንድ ሌሊት አጣ። ብራናዎቹ ግን ከመደርደሪያቸው አልተነቃነቁም። ዕቃው ለንደን ስለሆነ ብራናውን ማየት አልቻለም፤ ምስሉም ለንደን ስለሆነ ምስሉን አጣ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው አሮጌውን ዕቃ አለመጣላቸውም ሊጤን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጉግል የኢሜይል አገልግሎት በፕሮግራም ስሕተት የአንዳንድ ደንበኞቹን ደብዳቤ ባጠፋ ጊዜ መልሶ ያገኘው በመግነጢሳዊ ክር ላይ ከተቀመጠ ቅጂ ነው። ስሕተቱ በኮምፒዩተሮቹ ላይ ያሉትን ቅጂዎች ሁሉ ሲያዳርስ ከመስመር ውጭ የነበረውን ክር አልደረሰበትም። የካሴት ዘመድ የሆነው ዕቃ እስከ ዛሬ በትላልቅ የመረጃ ማከማቻዎች ያገለግላል።

የሙያው መዝገብ

ይህ ሁሉ የመሐንዲሶችን የዕለት ሥራ በቀጥታ ይነካል። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ያካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 የቀረበው በታተመ ወረቀት ነው። በጎጃም ደጋ ዙሪያ በሚዞረው የዓባይ ሸለቆና ከዚያም በታች ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉት የግድብ ስፍራዎች በካርታና በቁጥር የተመዘገቡት በዚህ ጥናት ውስጥ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መነሻው ቦርደር ተብሎ በተጠናው አካባቢ ነው። በመካከሉ ሁለት መንግሥታት ተለውጠዋል፤ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ተወልደው ሞተዋል፤ ወረቀቱ ግን እንደ ተጻፈ ተነቧል።

ዛሬ የሚነደፉ ድልድዮችና ሕንፃዎች ከስልሳ ዓመት በኋላ እንዲሁ ይነበቡ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አውቶካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለዘለቄታው የሚያገለግል አዲስ ፈቃድ መሸጡን ትቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀምሯል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ነው፤ ፋይሉም በእጁ ነው፤ ኪራዩን ካልከፈለ ግን በዚያ ፕሮግራም የገዛ ሥራውን ማረም አይችልም። በዚህ መለኪያ አንደኛው መሠረት አለ፤ ሁለተኛው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ቆሟል። ድልድይ ግን ከማናቸውም ፕሮግራም ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ስንጥቅ የታየበት ዕለትም በውስጡ ያለው ብረት የት የት እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኮምፒዩተርን ትቶ ወደ ብራና መመለስ አይደለም። ዲጂታል ቅጂ በፍጥነቱና ያለ ጉድለት በመባዛቱ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን የጎዛምን የይዞታ ደብተር እንዳሳየው፣ አንዱ መዝገብ በጽሕፈት ቤት ሌላው በባለ ጉዳዩ እጅ ሲሆን ሁለቱ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ሥራ ተፈርሞ የታተመ የወረቀት ሥዕል እንዲኖር፣ የኮምፒዩተሩም ቅጂ በብዙ ፕሮግራሞች ሊነበብ በሚችል የታወቀ ቅርጽ እንዲቀመጥ፣ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይከማቹ ማድረግ ከመሥሪያ ቤቶችና ከሙያ ማኅበራት አቅም በላይ አይደለም። በየቤቱ ያለው ካሴትም ማሰሚያውና ጠጋኙ ፈጽመው ሳይጠፉ መገልበጥ ይኖርበታል፤ ለዚህ ሥራ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሦስተኛው መሠረት፣ ማለትም የመተካት ችሎታ፣ በሰው ውስጥ የሚኖር እንጂ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። የዲማና የደብረ ወርቅ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የደረሱት ብራናው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በየትውልዱ ቆዳ ወጥሮ የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥና የተጎዳውን ገጽ ቀድቶ የሚተካ ሰው ስላልታጣ ነው። ቴፕ መጠገን፣ ፊልም ማንበብ፣ አሮጌ ንድፍ መፍታትና አዲሱን በሚገባ መመዝገብ የሚችል ወጣት ባለሙያ ካልሠለጠነ ግን የተሰበሰበው ዕቃ ሁሉ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል። በመጽሐፍ ያለ የሚወረሰው ወራሹ ማንበብና መቅዳት ሲችል ነው።